ታዳጊው ስንት ዓመቱ ነው?

በመጋቢት 1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአፍሪካን ከ20 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድኖች አስተናግዳ ነበር። ዋንጫውን አንጎላ ጋናን አሸንፋ ወሰደች፤ ግብፅ ሦስተኛ፣ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ አራተኛ ሆነው ጨረሱ። አራቱም በዚያው ዓመት አርጀንቲና ላይ ወደተካሄደው የወጣቶች ዓለም ዋንጫ ሄዱ። ጋና እስከ ፍጻሜው ዘልቃ በአዘጋጇ ተረታች፣ ግብፅ ሦስተኛ ወጣች፣ የእኛ ልጆች ግን የምድብ ጨዋታዎቻቸውን ሁሉ ተሸንፈው ተመለሱ። የአራቱ ቡድኖች እውነተኛ ልዩነት የታየው ግን ያን ጊዜ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ጀርመን ባዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ አንጎላና ጋና በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳተፉ። አንጎላን ይዞ የሄደው አዲስ አበባ ላይ ዋንጫ ያነሳው አሠልጣኝ ኦሊቬራ ጎንሳልቬስ ነበር፤ የጋና አማካዮች ማይክል ኤሲየንና ሱሌይ ሙንታሪም በአርጀንቲናው የወጣት ቡድን ውስጥ ነበሩ። ኢትዮጵያ በበኩሏ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እንኳ እስከ 2005 ዓ.ም. ጠበቀች፤ ከ31 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ለዚህ መዘግየት የሜዳ እጥረት፣ የአሠልጣኝ እጥረት፣ የተከታታይ ሥልጠና አለመኖር ይጠቀሳሉ፤ ሁሉም እውነት ነው። የ1993ቱን ቡድን እድሜ መጠራጠርም አያስፈልግም። ከታሪኩ የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው፤ የታዳጊዎች ውድድር ውጤት የሚነበበው በፍጻሜው ዕለት ሳይሆን ልጆቹ ካደጉ በኋላ ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ የሚጫወቱት በእርግጥ ገና የሚያድጉ ልጆች ከሆኑ ብቻ ነው። የ20 ዓመት ወጣት 16 ተብሎ ቢመዘገብ፣ በወረቀት 20 ሞልቶት ለዋናው ቡድን ሲታጭ 24 ዓመቱ ነው። ወረቀቱ 26 ሲል እሱ 30ን ይደፍናል። አገር አሥር ዓመት ይጠቅመኛል ብላ ያሰበችው ተተኪ አራቱን ዓመት አስቀድሞ ጨርሶታል። ጉዳቱ በእሱም አያበቃም። በዚያ እድሜ የአንድ ዓመት ልዩነት በቁመትም በጉልበትም ጎልቶ ስለሚታይ፣ ማሸነፍ የሚጠበቅበት አሠልጣኝ ፈርጣማውን ያሰልፋል፤ ትክክለኛው የ15 ዓመት ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀራል፣ ብዙ ጊዜም ተስፋ ቆርጦ ኳሱን ይተወዋል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ናይጄሪያ የተጫዋቾቿ የልደት ቀን ከውድድር ውድድር በመለያየቱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በፊፋ ከወጣቶች ውድድር ታግዳለች፤ የ1991 እ.ኤ.አ. የወጣቶች ዓለም ዋንጫን የማዘጋጀት ዕድሏንም አጥታ ውድድሩ ፖርቱጋል ላይ ተካሄደ። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓ የኤምአርአይ ምርመራ ሥራ ላይ አዋለ። በ2015 ዓ.ም. የካሜሩን ፌዴሬሽን ከ30 ታዳጊዎቹ 21ዱ ምርመራውን ወድቀውበት በሌሎች ለመተካት ተገድዷል።

ማሽኑ ልጅን ከልጅ ያበላልጣል የሚሉ አሉ፤ አንዱ ቶሎ ይጎረምሳል፣ ሌላው ይዘገያል። መከራከሪያው ፍሬ አለው። ምርመራው የሚያየው የክንድ አጥንት ጫፍ ላይ ያለው የማደጊያ ክፍል ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለመዘጋቱን ነው። ከ17 ዓመት በታች ሆኖ ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ልጅ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በስህተት የሚጣለው ጥቂት ነው። ድክመቱ በሌላ በኩል ይብሳል፤ አጥንቱ ዘግይቶ የሚዘጋ የ18 ዓመት ወጣት ሊያልፍ ይችላል፣ ከ20 ዓመት በታች ለሆነ ቡድን ደግሞ ምርመራው አይረዳም። እንግዲህ ማሽን ማጭበርበርን ይቀንሳል እንጂ የልደት ሰነድን አይተካም።

የእኛ ጉዳይ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበር። ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በዚያው ዓመት ሐምሌ 30 ነው። ዛሬ አዲስ አበባ፣ አስኮ የሚኖሩ ወላጆች የጤና ተቋሙን የልደት ማሳወቂያ ይዘው በ90 ቀን ውስጥ በወረዳቸው ልጃቸውን ያስመዘግባሉ። ያ ወረቀት ለትምህርት ቤትና ለፓስፖርት ብቻ የሚጠቅም ይመስላል፤ ለእግር ኳሱ ግን የማንኛውም ታዳጊ ቡድን መነሻ ነው። ልጁ በሰፈር ፕሮጀክት ሲታቀፍ እድሜው ከዚያ ሰነድ ካልተወሰደ፣ ዓመታት ቆይቶ ለብሔራዊ ቡድን ሲመረጥ የሚቀርበው ቁጥር አሠልጣኙ ወይም ቤተሰቡ የመረጠው ይሆናል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከድህነት የሚነሳው ነው። እድሜውን የቀነሰው ወጣት ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ የተገኘ፣ ኳስ ብቸኛ ተስፋው የሆነ ልጅ ነው፤ በሩን መዝጋት ጭካኔ አይሆንም ወይ? ይህን ልጅ የሚረዳው ግን ለ19ና ለ20 ዓመት ወጣቶች የሚሆን በቂ የሊግ ውድድር እንጂ የታናሹን ቦታ መስጠት አይደለም፤ ያ ታናሽም የድሃ ልጅ ነው። ሌሎች አገሮች ያጭበረብራሉ የሚለውም አያዋጣም፤ በሐሰት እድሜ የተገኘ ዋንጫ ዋናውን ቡድን ባዶ እጁን ያስቀራል። ምዝገባው በተጀመረበት ሰሞን የተወለዱት ሕፃናት 17 ዓመት የሚሞላቸው በ2025 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የታዳጊ አሠልጣኝን በሰበሰበው ዋንጫ ሳይሆን ወደ ዋናው ቡድን ባሳደጋቸው ልጆች ቁጥር ቢመዝኑት፣ እድሜ ለመደበቅ ከሚገፋፉት ምክንያቶች ትልቁ ይወገዳል።