ቴሌቪዥን ስንገዛ ቁጥሩን እንወቅ

አንድ ገበሬ በሬ ሸጠና ቴሌቪዥን ሊገዛ ወደ ከተማ ወጣ። ባለሱቁ ሁለት ቴሌቪዥኖች አሳየው። መጠናቸው እኩል ነው። ዋጋቸው ግን በጣም ይለያያል።

«አባባ፣ ይኼኛው 60 ሄርዝ ነው። ያኛው ውዱ 120 ነው። ቁጥሩ የበዛው ይሻላል፤ እሱን ይውሰዱ» አለው።

ገበሬው ማንበብ ከተማረ ወዲህ ሳያነብ ዕቃ አይገዛም። ውዱን ቴሌቪዥን አዙሮ የጀርባውን ጽሑፍ አየ። 50/60 ሄርዝ ይላል።

«ልጄ፣ አንተ 120 ትለኛለህ። እዚህ የተጻፈው ግን 50/60 ነው። ልታታልለኝ ነው እንዴ?» አለ።

ባለሱቁ አላታለለውም። ገበሬውም በትክክል አንብቧል። ታዲያ ነገሩ እንዴት ነው?

ሄርዝ ማለት አንድ ነገር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም መለኪያ ነው። ስሙ የተወሰደው የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን በሙከራ ካሳየው ከጀርመናዊው ሊቅ ከሃይንሪክ ሄርዝ ነው። ዕቃው ላይ በፈረንጅ ፊደል «ኤች» እና «ዜድ» ሆኖ ይጻፋል። ኪሎ ጤፍንም ቡናንም እንደሚመዝን ሁሉ፣ ሄርዝም የተለያየ ነገር ይለካል። ጀርባው ላይ ያለው 50/60 የመብራቱ ነው። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ በአገራችን መብራት ይሠራል ማለት ነው። ባለሱቁ የጠራው 120 ግን የስክሪኑ ነው።

የስክሪኑ ሄርዝስ ምንድን ነው? የተለኮሰ ችቦ በጨለማ በፍጥነት ብናዞር የእሳት ቀለበት እናያለን። ቀለበት ግን የለም። ዓይናችን ፈጣኑን ነገር ለይቶ ማየት ስለማይችል ያያይዘዋል። ቴሌቪዥንም እንደዚሁ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚሮጥ ፈረስ የለም። ያለው የቆመ ሥዕል ነው። አንዱ ሥዕል ሄዶ ሌላው ቶሎ ቶሎ ሲተካ ፈረሱ የሚሮጥ ይመስለናል። 60 ሄርዝ የሆነ ስክሪን ሥዕሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ ያድሳል። 120 የሆነው 120 ጊዜ ያድሳል።

«እንግዲያው 120ው አይሻልም ወይ?» እንል ይሆናል። ነገሩን በወፍጮ እንየው። ወፍጮ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ካስገባነው እህል የበለጠ ዱቄት አይሰጥም። የአገራችን ጣቢያዎች በሴኮንድ የሚልኩት ሥዕል በአብዛኛው ከ50 አይበልጥም። ሲኒማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 24 ነው። 120ው ስክሪን የቀረውን ከየት ያመጣል? የመጣለትን ይደጋግማል፤ ወይም በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለውን ገምቶ ይሞላል። ግምቱ ሲሰምር የኳስ ጨዋታው ለዓይን ይለሰልሳል። ሲሳሳት ኳሱ ጭራ ያወጣል። 120ው ይበልጥ የሚጠቅመው ብዙ ሥዕል በሚልክ የጌም መሣሪያ ለሚጫወት ሰው ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት፦

1. ካርቶኑ ላይ እንደ 400 ያለ ትልቅ ቁጥር ካየን «ስክሪኑ ራሱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ያድሳል?» ብለን እንጠይቅ። አንዳንዱ ቁጥር ለማሻሻጫ የወጣ ነው።

2. በሁለቱም ቴሌቪዥኖች አንድ ዓይነት ዜና አስከፍተን ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ እናንብብ። ፊደሉ ጥርት ብሎ የሚነበበውን እንምረጥ።

3. ስንት ዋት እንደሚፈጅ ከጀርባው እናንብብ። የምንጠቀመው በሶላር ከሆነ ባትሪያችን ይችለው እንደሆነ ባለሙያ እንጠይቅ።

4. ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳንቀበል አንውጣ።

ገበሬውም የሚሮጠውን ጽሑፍ በሁለቱም ላይ አነበበ። ሁለቱም ደህና አድርገው ያሳያሉ። 60ውን ገዛ። በተረፈው ብር ዲሽና ሪሲቨር ጨመረ።

ቁጥር ማንበብ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር መጠየቅ ደግሞ የበሬ ዋጋ ከመባከን ያድናል።

መወያያ ጥያቄዎች

1. ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ ያለው 50/60 የምን ቁጥር ነው?

2. ባለሱቁ የጠራው 120ስ የምን ነው?

3. ቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች የትኞቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል? ቁጥሩ ምን ይለካል?