ስለ ጓሮ ዶሮ ጤንነት፤ በአዊ አገር ፈንግልን ስለ መከላከል

በአዊ አገር የፈረስ ክብር ከፍ ያለ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረሱ በጌጥ ተሸልሞ ባለቤቱም ደስ ብሎት ሲጋልብ የሚያይ ሰው ሁሉ፣ ይህ ሕዝብ እንስሳውን የሚወድና የሚንከባከብ መሆኑን ያለ ምስክር ይረዳዋል። በሬውም የርሻ ኃይል ስለ ሆነ፣ የታመመ እንደ ሆነ ባለቤቱ እንቅልፍ አያገኝም። ዶሮ ግን በጓሮ እየጫረች የምትኖር ትንሽ ፍጥረት በመሆንዋ፣ ብትሞት የሚያዝንላት የቤቱ እመቤት ብቻ ናት። ሹሙ አይጠይቅላትም፤ ጸሐፊውም በመዝገብ አያገባትም። ሆኖም ነገሩን በሚገባ የመረመረ ሰው፣ የዶሮ ጥቅም ከትልቁ ከብት የማያንስባቸው ብዙ ቤቶች እንዳሉ ያገኛል።

የምትሸጠው ወይፈን የሌላት ባልቴት ሁለት ዶሮና ጥቂት ዕንቁላል ወደ ዳንግላ ወይም ወደ እንጅባራ ገበያ ይዛ ትወጣለች፤ ጨውና ሳሙና፣ ለልጅዋም ደብተር ገዝታ ትመለሳለች። እንግዳ በድንገት የመጣ እንደ ሆነ፣ አራስ የምትጠናበት ጊዜ የደረሰ እንደ ሆነ፣ የዓመት በዓልም የቀረበ እንደ ሆነ፣ ቤቱ ከኀፍረት የሚድነው በዶሮ ነው። ከዶሮው ዋጋ በግ፣ ከበጉም ዋጋ ጊደር የገዛ ትጉህ ሰው በየቀበሌው አይታጣም። ስለዚህ ዶሮ ለድኻው ቤት እንደ ገንዘብ ከረጢት ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ዶሮዋ ለዚህ ሁሉ ጥቅም የምትጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው። ያገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚደርስ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ያቀፈችውም ዕንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። እንግዲህ አንዲት ዶሮ በዓመት ሁለት ጊዜ አቅፋ፣ በየጊዜው 8 ጫጩት ብታወጣ፣ 16 ጫጩት ማለት ነው። ነገር ግን በአገራችን ከሚፈለፈለው ጫጩት እኩሌታው ያህል ሁለት ወር ሳይሞላው እንደሚጠፋ ጥናት ያደረጉ ሁሉ ይናገራሉ። ከቀረውም ላይ ፈንግል የገባበት እንደ ሆነ፣ የዓመቱ ድካም በአንድ ሳምንት ውስጥ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ፈንግል በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ የኒውካስል በሽታ ይባላል። ይህንም ስም ያገኘበት ምክንያት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አጠገብ ስለ ታየ ነው፤ በዚያው ዓመትም በጃቫ ደሴት ታይቶ ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባለው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። በበሽታው የተያዘች ዶሮ ክንፍዋን ጥላ ታንቀላፋለች፤ አፍዋን ከፍታ ታቃስታለች፤ አረንጓዴ የመሰለ ተቅማጥ ይይዛታል። ቆየት ያለችም እንደ ሆነ አንገትዋ ይጠመዘዛል፣ እግርዋም ይሰለላል። አንዳንዶቹም ምንም ምልክት ሳያሳዩ በማለዳ ከቆጥ ሥር ሞተው ይገኛሉ። ክትባት ባላገኘ መንጋ ላይ ኃይለኛው ዓይነት የገባ እንደ ሆነ፣ ከ10 ዶሮ 9ኙን ሊጨርስ ይችላል።

ለዚህ በሽታ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ባላገሩ በቅን ልቡና ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ያጠጣል፤ ሌላውም የሰው መድኃኒት እንክብል ፈጭቶ ይሰጣል፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ቫይረሱን አይገድለውም። መዳኛው አስቀድሞ መከላከል ብቻ ነው።

ለመከላከል ደግሞ በሽታው በምን መንገድ እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ፈንግል ከነፋስና ከዝናብ የሚወለድ ይመስለዋል። በክረምት መግቢያ ብዙ ጊዜ መነሣቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ከመንደር ወደ መንደር የሚያደርሰው ይበልጡን የሰው እጅና የገበያ ቅርጫት ነው። የዕንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ በዓል ሲቀርብ የዶሮ ዋጋ ይወጣል፤ ነጋዴውም ከልዩ ልዩ መንደር የሰበሰበውን ዶሮ ባንድ ቅርጫት አጭቆ ይወስዳል። ዳንግላና እንጅባራ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ጥርጊያ ላይ ስለ ሆኑ፣ ከእንጅባራም ወደ ቻግኒ የሚሄድ መንገድ ስለሚገነጠል፣ ካንዱ ወረዳ የተነሣ በሽታ ወደ ሌላው ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ያልተሸጠው ዶሮ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከገበያው በሽታውን ይዞ ይመለሳል።

ከዚህ የባሰው ሌላ ልማድ አለ። በመንደሩ አንዲት ዶሮ ሞታ የታየች እንደ ሆነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የቀረውን ዶሮ ሳይሞትበት ለመሸጥ ወደ ገበያ ይሽቀዳደማል። እንዲህ ያለው ዶሮ በዋጋ ርካሽ ነውና የሚገዛው አይጠፋም። ርካሽ ዶሮ አገኘሁ ብላ ደስ ያላት እመቤት የገዛቻትን ዶሮ ከቤትዋ ዶሮዎች ጋር ባንድ ቆጥ ታሳድራለች፤ ሳምንት ሳይሞላ አዲሲቱም ነባሮቹም ያልቃሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብትዋን ጣለች የተባለው ተረት በዚህች ሴት ላይ ይፈጸማል። ጥፋቱ ግን የእርስዋ ብቻ አይደለም፤ የታመመ ዶሮ ወደ ገበያ ሲገባ ዝም ብሎ ያየ ሹምም ከጥፋቱ ድርሻ አለው።

ፈንግልን የሚከላከል ክትባት በአገራችን ይገኛል፤ በቢሾፍቱ ያለው የመንግሥት የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ያዘጋጀዋል። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተገኘው አይ-2 የተባለው ዓይነት ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀትን ስለሚታገሥ ለገጠር መንደር ይስማማል፤ ቢሆንም ከፀሐይ ተሰውሮ በቀዝቃዛ ስፍራ መያዝ አለበት። አሰጣጡም ቀላል ነው። ዶሮዋን በእቅፍ ይዞ፣ ራስዋን ዘንበል አድርጎ፣ ባንድ ዓይንዋ ላይ አንድ ጠብታ ማንጠብጠብና ጠብታው እስኪሰርግ ጥቂት መታገሥ ነው።

ችግሩ ያለው በሌላ በኩል ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ለሌላ ጊዜ ሊያስቀምጡት አይቻልም። አምስትና ስድስት ዶሮ ብቻ ያላት ሴት ለብቻዋ ብልቃጥ ልግዛ ብትል ገንዘብዋ አይበቃም፤ ብትገዛም አብዛኛው ይደፋል። ደግሞም የእርስዋ ዶሮ ተከትቦ የጎረቤትዋ ሳይከተብ የቀረ እንደ ሆነ፣ በሽታው ከመንደሩ አይነቀልም፤ ዶሮ አጥር አያግዳትምና። ስለዚህ የፈንግል ነገር የአንድ ቤት ጉዳይ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ነው። የመንደርን ሕዝብ ባንድ ቀን ለአንድ ሥራ የሚሰበስብ ደግሞ ሹሙ ነው።

ቀኑን ለመወሰን የሚከተለው አቆጣጠር ይጠቅማል። የዓይን ጠብታው ክትባት በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። እንግዲህ በግንቦት፣ በነሐሴ፣ በኅዳርና በየካቲት ቢደረግ፣ የግንቦቱ ከክረምቱ መግቢያ፣ የነሐሴው ከዕንቁጣጣሽ፣ የኅዳሩ ከገና፣ የየካቲቱም ከፋሲካ አስቀድሞ ይደርሳል። ክትባቱ በዶሮዋ አካል ውስጥ ኃይል እስኪያገኝ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚወስድ፣ በዓሉ ሲደርስ መሯሯጥ ዋጋ የለውም። የመድኃኒቱን መጠንና ጊዜ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ብልቃጡን አይቶ ይወስናል።

ሹማምንቱ አስቀድመው ለሕዝቡ ሊያስረዱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ክትባት የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ በሽታው ቀድሞ ከገባ በኋላ የተከተበች ዶሮ ትሞታለች። ደግሞም ይህ ክትባት የሚከላከለው ፈንግልን ብቻ ነው፤ ከጭልፊትም ከፈንጣጣም አያድንም። ይህ ሳይነገር ቀርቶ የተከተበች ዶሮ የሞተች እንደ ሆነ፣ ሕዝቡ ክትባቱ ገደለብን ብሎ ያማል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ዶሮውን ይደብቃል። አንድ ጊዜ የጠፋ እምነት ደግሞ ባዋጅ አይመለስም።

ክትባቱ የቤቱን ጥንቃቄ አይተካም። ዳንግላ ከ2,000 ሜትር፣ እንጅባራም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ስለ ሆኑ፣ የክረምቱ ብርድና ርጥበት ጫጩትን ይጎዳል። በእንጅባራ ዙሪያ ቀርቀሃ እንደ ልብ ይገኛልና፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚያስገባ፣ ዝናብ ግን የማያስገባ የዶሮ ቤት ከቀርቀሃ መሥራት ብዙ ወጪ የለበትም። እንዲህ ያለው ቤት ሽለምጥማጥንም ይከለክላል፤ ዶሮም ከሰው ጋር ባንድ ጣራ ሥር ከማደር ትወጣለች፤ ይህም ለሕፃናት ጤና ይበጃል። ኩሱን በየጊዜው እየጠረጉ ማውጣት፣ ለድንችና ለጎመን መሬት ማዳበሪያ ይሆናልና ድርብ ጥቅም አለው። በደረቅ ስፍራ ዐመድ ተደርጎላት የምትንከባለልበት ዶሮ ቅማልና ቁንጫ ይቀንስላታል።

ጫጩቶቹን እስከ ሁለት ወር ድረስ ከእናታቸው ጋር በቅርጫት ሥር ወይም በታጠረ ስፍራ ማቆየት ከጭልፊት ያድናቸዋል። ንጹሕ ውሃ ቀን በቀን ይቀየርላቸው፤ ከተፈጨ በቆሎና ከዳጉሳ ጋር ጥቂት የባቄላ ወይም የኑግ ፋጉሎ ቢጨመርላቸው ፈጥነው ያድጋሉ። ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ የታየባቸው እንደ ሆነ፣ ይህ ከርጥበትና ከቆሻሻ የሚነሣ ሌላ በሽታ ነውና፣ ወለሉን አድርቆ ሐኪም መጠየቅ ይገባል። ከገበያ የመጣች ዶሮ እስከ 3 ሳምንት ለብቻዋ ታስራ ትቆይ። የሞተችውም ለውሻ አትጣል፤ ወደ ወንዝም አትወርወር፤ ትቃጠል፣ ወይም ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ትቀበር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረግለት ያገሩ ዶሮ ተራ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ስለ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ዶሮዎች የታተመ ጥናት፣ የቲሊሊንና የጓንጓን ዶሮዎች ለየብቻቸው ቆጥሮ መርምሮአቸዋል። ከአባት የተወረሰው ይህ ዘር ብርዱን የለመደ፣ ጭልፊትን የሚያውቅ፣ ራሱ አቅፎ የሚያሳድግ ነው። ፈንግል በየዓመቱ ሲያጠፋው አብሮ የሚጠፋው ሥጋና ዕንቁላል ብቻ ሳይሆን ዘሩም ጭምር ነው።

እንግዲህ ከሹማምንት የሚፈለገው ሥራ ይህ ነው። አንደኛ፣ በየቀበሌው ያለውን ዶሮ አስቈጥሮ፣ የሚያስፈልገውን ክትባት ከወሩ አስቀድሞ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ። ሁለተኛ፣ የክትባቱን ቀን ቆርጦ፣ ዶሮ ከቆጥ ሳይወርድ በማለዳ እንዲሠራ ማዘዝ። ሦስተኛ፣ በገበያ በር አስተዋይ ሰው አቁሞ፣ ያንቀላፋች ወይም የምታቃስት ዶሮ እንዳትገባ መከልከል፤ የተከለከለውንም ሰው ሳያዋርዱ ምክንያቱን ማስረዳት። አራተኛ፣ ሞት የተሰማበት መንደር በዚያው ዕለት እንዲያስታውቅ ማድረግ። አምስተኛ፣ ስብሰባ ሲጠራ ባሎችን ብቻ ሳይሆን የዶሮዋ ባለቤት የሆነችውን ሴት መጥራት፣ ነገሩም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአገውኛ እንዲነገር ማድረግ፤ ያልገባትን ትእዛዝ የምትፈጽም የለችምና።

ሰፊ ይዞታ ያላቸው ሰዎችም አስቀድመው የራሳቸውን ዶሮ ቢያስከትቡ፣ ከብልቃጡ የተረፈውንም ለጎረቤት ድኻ ቢያካፍሉ፣ ለራሳቸው ቤት አጥር እንደ ሠሩ ይቈጠራል። የባልቴቲቱ ዶሮ የተጠበቀች እንደ ሆነ የባለጠጋውም ዶሮ ትድናለችና። በአንድ ጠብታ መድኃኒትና በአንድ ማለዳ ሥራ ሊድን የሚችል ሀብት በቸልታ እንዳይጠፋ መትጋት፣ ሕዝብን ለማስተዳደር የተሾመ ሰው ሁሉ ግዴታ ነው።