ከደመወዝም ከዕድልም ውጭ፦ ጸጋ በሜሪላንድ ፓርክዌይ

ቁማር ቤቶቹ ከተኮለኮሉበት ከላስ ቬጋስ ስትሪፕ ወደ ምሥራቅ ከሁለት ኪሎ ሜትር ትንሽ ራቅ ሲሉ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ይገኛል። ይህ መንገድ የሥራና የኑሮ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው የላስ ቬጋሱ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1968 የተከፈተው ቡሌቫርድ ሞልና ሰንራይዝ ሆስፒታል ሁሉም በእሱ ዳር ናቸው። 109 ቁጥር አውቶቡስ የሌሊት ፈረቃ የጨረሰውንና ቀን ሊገባ የቸኮለውን አሳፍሮ ሽቅብ ቁልቁል ይላል።

በዚህች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ታክሲ ይነዳሉ፣ የሆቴል ክፍል ያጸዳሉ፣ በካዚኖ ጠረጴዛ ካርታ ያድላሉ። ኔቫዳ ቁማርን በ1931 ሕጋዊ ካደረገች ወዲህ እዚህ ገንዘብ ሰው እጅ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው፦ ወይ ተሠርቶ፣ ወይ ዕድል ቀንቶ። ደመወዝ ላብ ይፈልጋል። ዕድልም ቢሆን ሳያስይዙ አይመጣም፤ ለአንዱ የሚቀናው ሌላው ተበልቶ ነው። ክርስትና ግን ሳይሠሩለትም ሳያስይዙለትም የሚሰጥ ሦስተኛ ነገር አለ ይላል። እሱም ጸጋ ነው።

ማቴዎስ በወንጌሉ ምዕራፍ 20 የጻፈው የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ይህን በደንብ ያሳያል። ባለቤቱ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሠራተኛ ቀጠረ፤ በ3፣ በ6ና በ9 ሰዓትም ደግሞ ወጣ። በመጨረሻም በ11 ሰዓት፣ ቀኑ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ የሚቀጥራቸው አጥተው የቆሙ ሰዎችን አግኝቶ ላካቸው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሰዓት ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል፤ የራሱ አቆጣጠር ነውና። ሲመሽ ለሁሉም እኩል አንድ አንድ ዲናር ተከፈለ። ከጧት ጀምረው ሐሩሩን የቻሉት አጉረመረሙ።

ቅሬታቸው ለማንኛውም ሠራተኛ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ቃሉን አላጠፈም፤ የተስማሙበትን ሰጥቷቸዋል። አንድ ዲናር በዚያ ዘመን ሙያተኛ ያልሆነ ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ፣ የቤተሰብም የዕለት ጉርስ ነበር። በ11 ሰዓት የገቡትም ቤታቸው የሚጠብቃቸው አፍ አለ። ባለቤቱ የከፈላቸው የሥራቸውን ልክ አይቶ ሳይሆን ከራሱ ቸርነት ነው።

በኢትዮጵያ ምእመናን ዘንድ ይህንኑ ትምህርት ሕፃን ሽማግሌው እንዲያውቀው ያደረገው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው ሰውዬው ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው በልቷል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቁስለኛና ውሃ የጠማው ድኻ አገኘ። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ አልሰማውም። በሰማዕታት ስም ለመነው፤ እንቢ አለ። በማርያም ስም ሲለምነው ግን ልቡ ራራና ጉሮሮ የምታርስ እፍኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ ሚዛን ላይ ቀረበች። በአንድ በኩል 78 ነፍስ፣ በሌላው በኩል እፍኝ ውሃ። ውሃው አልደፋም። የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት ግን ሚዛኑ አጋደለ።

ታሪኩ የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ በየዐውደ ምሕረቱ ይተረካል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳም ሚዛኑ ተሥሎ ይታያል። ብዙ ሰው ውሃዋን ይዞ፣ ትንሽ በጎ ሥራ ታድናለች ብሎ ይሄዳል። ታሪኩ ግን ውሃዋ ብቻዋን እንዳልበቃች በግልጽ ይናገራል። ሆኖም ከሚዛኑ ላይ አልተጣለችም፤ ምሕረቱ የመጣው በእሷ ላይ ነው።

የተዋሕዶ ትምህርት ሁለቱን እንዲህ አብሮ ይይዛል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ ያበረከቱት አንዳች ነገር የለም፤ የልጅነትን ጸጋ በነጻ ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ ጾሙ፣ ጸሎቱና ምጽዋቱ የተቀበሉትን መጠበቂያ ነው። ወንጌላውያን ደግሞ ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1517 ካስነሣው ክርክር ጀምሮ መዳን በእምነት በኩል በጸጋ ብቻ ነው፣ መልካም ሥራ ፍሬው እንጂ ዋጋው አይደለም ይላሉ። በዚህ የተለያዩት ሉተራውያንና ካቶሊኮች በመሠረታዊው ነጥብ መስማማታቸውን የገለጹበትን ሰነድ በጀርመን አውግስቡርግ የፈረሙት ኦክቶበር 31 ቀን 1999 ነው። በኢትዮጵያም ጸጋ የክርክር ርእስ ሆኖ ያውቃል፤ ስለ ክርስቶስ ልደት በቅባት፣ በጸጋና በተዋሕዶ ወገኖች መካከል የነበረው ሙግት በ1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ፣ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በተገኙበት ጉባኤ፣ ለተዋሕዶ ተፈርዷል።

የሊቃውንቱ ክርክር ከኑሮ የራቀ ለሚመስለው ሰው ሜሪላንድ ፓርክዌይ ላይ የሆነ አንድ ሌሊት አለ። ኦክቶበር 1 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እንዳለፈ፣ በስትሪፕ ዳር በተዘጋጀ የሙዚቃ ድግስ ላይ አንድ ሰው ከሆቴል መስኮት ተኩስ ከፈተ። በዚያ ጥቃት የሞቱት በኋላ 60 ደረሱ። ሰንራይዝ ሆስፒታል ከ200 በላይ ቁስለኞችን ተቀበለ። ብዙዎቹ በአምቡላንስ ሳይሆን በማያውቋቸው ሰዎች መኪና፣ በፒክአፕና በታክሲ ነበር የደረሱት። በድንገተኛ ክፍሉ ዶክተር ኬቨን ሜነስና ባልደረቦቹ ቁስለኛውን እንደ ጉዳቱ ክብደት እየለዩ አስገቡ። መታወቂያ ያልያዘው ጊዜያዊ ስም እየተሰጠው ታከመ። በነጋታው የከተማው ሰው ለማን እንደሚሰጥ የማያውቀውን ደም ለመለገስ ለሰዓታት ተሰለፈ።

ሐኪሞቹ ግዴታቸውንም ተወጥተዋል፤ የአሜሪካ ሕግ ከ1986 ጀምሮ ድንገተኛ ታካሚ መክፈል ይችል አይችል ሳይባል እንዲረዳ ያዛል። ያም ሆኖ ማንነትህ፣ ሥራህ፣ ኪስህ ሳይጠየቅ መጀመሪያ ሕይወትህ ሲተርፍ፣ ሃይማኖቱ ጸጋ የሚለው ነገር በሰው እጅ ምን እንደሚመስል ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የተረፈው በጸጋ ተረፈ ከተባለ የሞተውስ ተነፍጎ ነው? በሉቃስ ምዕራፍ 13 ክርስቶስ በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለሞቱ 18 ሰዎች ሲናገር ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ በቀጥታ መልሷል። አደጋን እያዩ ማን ተወዶ ማን እንደተጠላ መቁጠር ጸጋን ወደ ሎተሪ ይለውጠዋል።

በስደት ኑሮ ውስጥ ግን ከመስጠት ይልቅ መቀበል የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው። በየወሩ አገር ቤት የሚልክ፣ ቤተሰብ የተሸከመ ሰው ሲታመም ጠያቂ ምግብ ይዞለት ሲመጣ «ለምን ተቸገራችሁ» እያለ ይሳቀቃል። ሁሉን በላቡ አግኝቷልና ያለ ዋጋ የመጣ ነገር ዕዳ ይመስለዋል። ያው ሰው ከወንድሙ ጋር ሲጣላ የላከውን ሁሉ ከነዶላሩ ይዘረዝራል። ማቴዎስ 18 ላይ እልፍ መክሊት ተትቶለት በ100 ዲናር ባልንጀራውን ያነቀው አገልጋይ የወደቀው በዚሁ ነው፤ የተሰረዘለትን ዕዳ አልተቀበለውም፣ ያበደረውን ግን አልረሳም። ስለዚህ ስለ ጸጋ የሚሰብክ ካህን ወይም ፓስተር በላስ ቬጋስ ላለ ምእመን የሚያነሣለት ጉዳይ ሩቅ አይደለም፦ የታመመ ዕለት የመጣለትን እንጀራ ሳይሳቀቅ መብላት፣ አገር ቤት የላከውን ደግሞ ሒሳብ ሳይይዝ መላክ።