የቮልስ ዳሽቦርድ፦ ከቀለሙ በፊት መብራቱ

ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ ቮልስ የሚያሳድስ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ቀለሙና ቸርኬው ላይ ነው። ዳሽቦርዱ የሚታወሰው መጨረሻ ላይ፣ ኪስ ሲሳሳ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት እጅ ሊነካው የሚገባው እሱ ነው ባይ ነኝ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ሾፌሯ ከፊት ነው። ሞተሩ ምን እንደሆነ ለሾፌሩ የሚነግረው ይህ ቁራጭ ላሜራ ብቻ ነው።

ስለ መኪናዋ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፈርዲናንድ ፖርሸ የነደፋት፣ ሞተሯ በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑኤብላ ላይ ምርቷ የቆመ መኪና ናት። እኛ ዘንድ ዛሬም ትነዳለች፣ ትወደዳለችም።

«ዳሽቦርዱን ፍታልኝ» የሚል ደንበኛ ግን አንድ ነገር ይወቅ። የአብዛኞቹ ቮልሶች ዳሽቦርድ አይፈታም። እንደ ዛሬ መኪኖች በብሎን የታሰረ ፕላስቲክ አይደለም፤ ከቦዲው ጋር የተበየደ የብረት ላሜራ ነው። ጎበጥ ያለ የፊት መስታወት ያላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የወጡት 1303 የሚባሉት ብቻ ከዚህ ይለያሉ። በሌሎቹ የሚወጣው ጌጁ፣ የመብራትና የዝናብ መጥረጊያው ማብሪያዎች፣ ሬዲዮው፣ የሲጋራ መተርኮሻውና የካርቶኑ ኪስ ነው። አዲስ ቴፕ ለማስገባት ላሜራውን በግራይንደር የሚያሰፉ ሰዎች አሉ። ያ ላሜራ አንዴ ከተቆረጠ እንደነበረ አይመለስም፤ ቴፑ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ያረጃል። እባካችሁ ተዉት።

አፈታቱ ቀላል ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ነው፤ መጀመሪያ የኔጌቲቩን ገመድ ፍቱ። የቤንዚን ታንከሩ እዚያው ከዳሽቦርዱ ፊት ስላለ በዚህ ቀልድ የለም። ከዚያ የፊቱን ኮፈን ከፍታችሁ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን የካርቶን መሸፈኛ አንሱ። ከኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ጋር የተያያዘውን ገመድ ቀለበቱን በእጅ አዙራችሁ አላቁ። አምፖሎቹን ከነማቀፊያቸው ሳቡ፣ ሽቦዎቹ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ ጌጁን የያዙትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ፍቱ። ጌጁ ወደ መሪው በኩል ይወጣል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ፤ ጌጁ ውስጥ ወዳለችው ቀይ መብራት።

ብዙ ሾፌር ይህችን መብራት «ባትሪ እየሞላ አይደለም» ትላለች ብሎ ያምናል። ስለዚህ መንገድ ላይ ስትበራ «እቤት ስደርስ አያታለሁ» ብሎ ይነዳል። በሌላ መኪና ይህ ሊያዋጣ ይችላል። በቮልስ ግን ሞተር ያስበላል። ምክንያቱም ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ማቀዝቀዣውንም ያዞራል፤ አየር የሚነፋው ፋን የታሰረው በዚያው በዲናሞው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣም ይቆማል። ዘይቱን የሚያበርደው ራዲያተርም እዚያው የፋኑ ቤት ውስጥ ስላለ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል። ቮልስ ደግሞ የሙቀት ጌጅ የላትም። ቀይ መብራቷ ማለት የሙቀት ጌጇም ናት።

አሠራሯ ያስደስተኛል። በአንድ በኩል በቁልፉ አልፎ የባትሪው ኤሌክትሪክ ይደርሳታል፤ በሌላ በኩል በሰማያዊ ሽቦ፣ 61 ከሚል ቁጥር ላይ ተነስቶ የዲናሞው ይመጣል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ፣ እኩል ጉልበት ያላቸው ሰዎች የሚጓተቱት ገመድ ወዴትም እንደማይሄድ፣ በአምፖሉ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ አይኖርም፤ መብራቷም ትጠፋለች። ዲናሞው ሲቆም የባትሪው ብቻውን ይቀርና ትበራለች። አንድ አምፖልና አንድ ሽቦ ሞተሩን በሙሉ ይጠብቃሉ።

እዚህ ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየኋት ቮልስ አሁንም ታናድደኛለች። ዳሽቦርዷ ያበራል፣ የጌጁ ክፈፍ ኒኬል ተነክሯል፣ የሸክላ የአበባ ማስቀመጫ ሳይቀር ተገጥሞላታል። ኮፈኑ ሲከፈት የቀይዋ መብራት ማቀፊያ ያለ አምፖል ተንጠልጥሏል። ባለቤቱን ስጠይቀው «እየበራች ስታስቸግረኝ አስነቀልኳት» አለኝ። ይህ ሰው በዚያች መኪና አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። ከጎሐ ጽዮን አባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ ይጠብቀዋል፤ ቺንጋ ለመበጠስ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ቢበጠስ የሚያውቀው ሞተሩ ሲነክስ ነው።

ስለዚህ ጌጁ በወጣበት ጊዜ አምፖሎቹን ሁሉ ቀይሩ፤ ማቀፊያዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ቮልቱንም አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የወጡት መኪኖች ባለ 6 ቮልት ናቸው። በእነሱ ላይ የ12 ቮልት አምፖል ሲገባ እንደ ጠዋት ጨረቃ ስለሚፈዝ በቀን ፀሐይ አይታይም። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት የምትጠቀልሉም እጃችሁን ሰብስቡ፤ ወረቀቱ አይቃጠልም፣ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

የማውቃቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ የትኛውም ቮልስ ስትመጣላቸው ኮፈን ከመክፈታቸው በፊት «ቁልፉን አዙረው፣ ግን እንዳታስነሳው» ይላሉ። ቀይዋና አረንጓዴዋ፣ ማለትም የዘይት ግፊቷ፣ ሁለቱም መብራት አለባቸው። አንዷ ካልበራች ሌላውን ሥራ ትተው እሷን ይፈልጋሉ። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሦስት ሰከንድ የማይወስድ ምርመራ ነው፤ የሚያደርገው ሾፌር ግን ጥቂት ነው።

ስለ ኪሎ ሜትሩ አጭር ነገር። ገዢዎች «48 ሺህ ብቻ ነው የሄደችው» ሲባሉ ይደሰታሉ። የአብዛኞቹ ቮልሶች መቁጠሪያ አምስት አሃዝ ብቻ ስላለው 99,999 ላይ ደርሶ ከዜሮ ይጀምራል። ገመዱም የሚዞረው በግራው የፊት ጎማ ነው፤ እዚያ ያለችው ትንሽ ሽብልቅ ከወደቀች መኪናዋ ትሄዳለች፣ ቁጥሩ ይቆማል። ቁጥሩን ሳይሆን ሞተሩን ግዙ።

ላሜራውን ስለ መቀባት ማንም ቀለም ቀቢ ያውቃል፦ ዝገቱን ማንሳት፣ አንቲረስት፣ ስቱኮ፣ ቀለም። በጣና ዳር ግን ከዚያ በፊት የፊት መስታወቱን ጎማ ቀይሩ። በበጋ ፀሐይ የደረቀ ጎማ በክረምት ያፈስሳል፣ ውኃው ቀጥታ የሚወርደው ዳሽቦርዱ ጀርባ ሽቦዎቹ ላይ ነው። ጎማው ሳይቀየር የተቀባ ዳሽቦርድ ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ከሥሩ ማበጥ ይጀምራል።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጎማው፣ ቀጥሎ ሽቦውና አምፖሉ፣ በመጨረሻ ቀለሙ። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቀለሙ ይቅር፤ ቀይዋን መብራት አሠሩ።