በኬሞቴራፒ ወቅት ኢንፌክሽን የሚከላከሉ መድኃኒቶች

አክስቴ ለጡት ካንሰር ኬሞቴራፒ ስትወስድ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። የፋርማሲ ተማሪ ስለሆንኩ ቤተሰቡ “አንቺ ታውቂያለሽ” ብሎ ነገሩን ሁሉ ለእኔ ተወው። ሁለተኛውን ዙር በወሰደች በዘጠነኛው ቀን ማታ ብርድ ብርድ አላት። “ምንም አይደል፣ ፓራሲታሞል ስጪኝና ልተኛ” አለችኝ። ክኒኑን አውጥቼ ነበር። ለማንኛውም ብዬ ብለካት 38.5 ዲግሪ ሆነ። ክኒኑን መልሼ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ወሰድኳት።

ለምን መሰላችሁ? ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ስለሚገድል መቅኔያችን የሚያመርታቸውን ነጭ የደም ሴሎችም ይጎዳል። ከእነሱ መካከል ባክቴሪያን ቀድሞ የሚዋጋው ኒውትሮፊል ይባላል። በብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች ቁጥሩ በጣም የሚወርደው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ከሆነ አደጋው ከባድ ነው። መግል የሚፈጠረውም በዋናነት ከኒውትሮፊል ስለሆነ ኢንፌክሽን ገብቶም እብጠትና መግል ላይታይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ብቸኛው ምልክት ትኩሳት ነው። ፓራሲታሞል ደግሞ እሱኑ ይደብቀዋል።

ከመከላከያዎቹ አንዱ ፊልግራስቲም ነው። ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጥና መቅኔው ኒውትሮፊልን ቶሎ እንዲያመርት ያደርጋል። የሚጀመረው ኬሞው ካለቀ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ ነው፤ አለበለዚያ አዲሶቹን ሴሎች ኬሞው ይፈጃቸዋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ይቀመጣል፣ በረዶ መሆን ግን የለበትም። አጥንት ማሳመሙ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው እንደ ሌቮፍሎክሳሲን ያለ ጸረ ባክቴሪያ ክኒን ነው። ይህ በተለይ እንደ ደም ካንሰር ሕሙማን ኒውትሮፊላቸው ከ7 ቀን በላይ ዝቅ ብሎ ይቆያል ተብሎ ለሚገመት ነው። ለሁሉም ቢታደል ጀርሞቹ መድኃኒቱን ይለማመዱታል። ኮትሪሞክሳዞልም አንድ ዓይነት የሳንባ ምች ለሚያሰጋቸው ሕሙማን ይታዘዛል።

እነዚህ ሁሉ አደጋውን ይቀንሳሉ እንጂ አያጠፉትም። አክስቴ ያን ሌሊት በደም ሥር ጸረ ባክቴሪያ ተሰጣት፤ ዳነች። ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ፊልግራስቲም ታዘዘላት። ቴርሞሜትሩን ግን ከራስጌዋ አላነሳንም። እናንተም ኬሞ የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቁ። የፋርማሲ ተማሪ ሆኜ እንኳ ያን ክኒን ልሰጣት ነበር።