የሥነ እንስሳት ምሩቅ ሥራውን የት ያገኛል?

«ሥነ እንስሳት ተምሬ ማን ይቀጥረኛል?» የሚለው ጥያቄ የምረቃ ጊዜ በተቃረበ ቁጥር በተማሪዎች ዘንድ ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሥራ ማስታወቂያዎችን የሚያገላብጥ ምሩቅ «ዙኦሎጂስት እንፈልጋለን» የሚል ርዕስ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። በዚህም ምክንያት ሙያውን ሳይሞክረው የሚተወው ብዙ ነው። ይሁንና ችግሩ በከፊል የስያሜ ነው። አሠሪው የሚፈልገው የወባ ትንኝን የሚለይ፣ ዓሣን የሚያራባ፣ የዱር እንስሳትን የሚቆጥር ሰው ሆኖ ሳለ በማስታወቂያው ላይ የሚጽፈው «ባዮሎጂ ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» ብሎ ነው። ስለዚህ ሥራ ፈላጊው ከትምህርት ክፍሉ ስም ይልቅ እንስሳትና የሰው ኑሮ የሚገናኙበትን ቦታ መፈለግ ይኖርበታል።

የአንዲት ትንኝ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ከተማ የተሰበሰቡ የትንኝ እጮች አድገው ሲመረመሩ፣ ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ያልተመዘገበው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው ዝርያ ሆነው ተገኙ። ይህ ዝርያ በደቡብ እስያ የታወቀ የወባ አስተላላፊ ነው። በአገራችን የቆየው ዋነኛው የወባ ትንኝ በአብዛኛው ዝናብን ተከትሎ በሚፈጠር ኩሬ የሚራባ ሲሆን፣ አዲሱ ግን በከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በውሃ ታንከርና በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውሃ ይራባል፤ በበጋም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በደረቁ ወቅት የተከሰተውን የወባ ወረርሽኝ ያጠኑ ተመራማሪዎችም ወረርሽኙን ከዚሁ ትንኝ ጋር አያይዘውታል።

የመከላከያው ስልት እንደ ትንኟ ዝርያ ይለያያል። ዝርያዋን ለማወቅ ደግሞ እጩን ሰብስቦ የሚያሳድግ፣ በአጉሊ መነጽር አይቶ የሚለይና በትክክል የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ይህ የሥነ እንስሳት ተማሪ በቤተ ሙከራ የሚማረው ሙያ ነው።

ጨረርና የቆላ ዝንብ

የፊዚክስ መምህር ስለ ሥነ እንስሳት ምሩቃን ለምን ይጽፋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱን በቆላ ዝንብ ታሪክ ውስጥ ያገኘዋል። የቆላ ዝንብ ከብትን የሚገድለውን የገንዲ በሽታ ያስተላልፋል። ሴቷ ዝንብ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ የምትገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በጨረር ከመከነ ወንድ ጋር ከተገናኘች ዘር አትተካም። በዛንዚባር የኡንጉጃ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከዝንቡ የጸዳው በዚህ ዘዴ ጭምር ነው። በአገራችንም በቃሊቲ የዝንብ ማርቢያ ማዕከል ተቋቁሞ መካን ወንዶች በደቡባዊው ስምጥ ሸለቆ ተለቀዋል።

የጨረሩን መጠን ማስላት የፊዚክስ ሥራ ነው። ነገር ግን መጠኑ ካነሰ ወንዱ አይመክንም፤ ከበዛ ደግሞ ይደክምና በዱር ካሉት ወንዶች ጋር መፎካከር ይሳነዋል። መካከለኛውን መጠን ማግኘት የሚቻለው የዝንቡን ባሕርይ በሚያውቅ ባለሙያ እርዳታ ነው።

የሚንኳኩ በሮች

የበሽታ አስተላላፊ እንስሳት ዝንባሌ ላለው፣ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የክልል ጤና ቢሮዎች ይጠቀሳሉ። በዓሣ ዘርፍ በሰበታና በባቱ የምርምር ማዕከላት አሉ። የዱር እንስሳት ጉዳይ በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና በብሔራዊ ፓርኮች ሥር ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ይሠራል፤ በዓለም ላይ ካሉት ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በዚያ ነው። በአራት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እና እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በጎ ፈቃደኛ ተማሪ ሊያንኳኳቸው የሚገቡ በሮች ናቸው።

ከምረቃ በፊት

አንደኛ፣ የመስክ ማስታወሻ ደብተር መያዝ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የታየው እንስሳና ብዛቱ ይጻፍበታል። «ዛሬ ምንም አልታየም» የሚለውም መረጃ ስለሆነ ሊታለፍ አይገባም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም በትምህርት ቤቱ ግቢ ካሉት ወፎች ሊጀምር ይችላል። በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ በበርካታ አገሮች የሚካሄደው የውሃ አእዋፍ ቆጠራ በዚህ ዓይነት ምዝገባ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ጥናትን ከአንድ ተቋም እውነተኛ ጥያቄ ጋር ማያያዝ ይጠቅማል። ለተቋሙ የሚጻፈው ማመልከቻ አጭር ይሁን፤ ተማሪው የሚችለውን፣ ሊማር የሚሻውንና ነጻ የሚሆንባቸውን ወራት ይግለጽ። የትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤም ይያያዝ።

ሦስተኛ፣ ከመስማማት በፊት መጠየቅ ነው። የትራንስፖርትና የውሎ አበል ወጪ የማን ነው? ለመስክ ሥራው የሚያስፈልገውን ክትባት ማን ይሸፍናል? አገልግሎቱ መቼ ያበቃል? በመጨረሻ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይሰጣል? በተለይ ለቅጥር ምዝገባ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው ወይም ድርጅት መራቅ ይገባል። ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ሙያ የሚያስተምር ከሆነ መልካም ነው፤ ማብቂያ ከሌለው ግን ጉልበትን ከመበዝበዝ አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ በዐድዋ በወንዝ ዳር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያን ተሕዋስ የሚሸከሙ ነበሩ። ከዚያች ምልከታ በኋላ እንዶድ በሽታውን ለመከላከል የሚውልበት ረጅም ምርምር ተከፈተ፤ ለሌሎች በርካታ ተመራማሪዎችም ሥራ ሆነ። ዛሬም ወንዙ ዳር ወርዶ የሚያይና ያየውን የሚጽፍ ተማሪ ያስፈልጋል።