የልጆችን የሙያና የሥልጠና ምርጫ በመምራት ረገድ የወላጆች ድርሻ
(የፍኖተ ሰላምንና የቡሬን አካባቢ በመመልከት)

ልጅን ትምህርት ቤት ማስገባትና ልጅን ወደ ሙያ መምራት ሁለት የተለያዩ ተግባሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ለመፈጸም የምዕራብ ጎጃም ገበሬ የሚከፍለው መሥዋዕትነት ቀላል አይደለም። ልጁን ከገጠር ቀበሌ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ከተማ ሲልክ የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ስንቅ ያዘጋጃል፤ በበርበሬ ለቀማና በበቆሎ መሰብሰቢያ ወራት የልጁን ጉልበት ያጣል። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አነጋገር በዚህ ወላጅ ዘንድ ከልብ የመነጨ እምነት ነው። ሁለተኛው ተግባር ግን አብዛኛውን ጊዜ ለፈተና ውጤት ይተዋል። ልጁ ካለፈ መንግሥት ያውቅለታል፤ ከወደቀ ደግሞ ዕድሉ ነው ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወላጆች ይህን ሁለተኛ ተግባር በምን መንገድ ሊወጡት እንደሚችሉ ማስረዳት ነው።

1. ጉዳዩ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት

እንደሚታወቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ውስጥ ይሰጣል። ከተፈታኞቹ መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የማካካሻ ትምህርት ዕድል የሚያገኙ መኖራቸው ባይካድም፣ ከመቶ ተማሪዎች ከዘጠና የሚበልጡት ወላጆቻቸው ባሰቡት ቀጥተኛ መንገድ ወደ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም ማለት ነው።

ቀድሞ ልጁ ቢወድቅ እንኳ ወደ እርሻው ይመለስ ነበር። ዛሬ ይህም መንገድ ጠቧል። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በኋላ የተወለደ ወጣት የሚጠብቀው ከወላጆቹ ይዞታ የሚደርሰውን ቁራሽ መሬት ነው፤ ያም ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ ጭምር የሚከፋፈል ነው። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት ምክንያት አያሌ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች የትምህርት ዓመታት አጥተዋል። ዕድሜው የገፋውን ልጅ ካቋረጠበት ክፍል ማስቀጠል ይሻላል ወይስ ሙያ ማሠልጠን የሚለው ጥያቄ በብዙ ቤት ተነሥቷል።

2. የወላጆች ሥጋት ከየት መጣ?

ወላጆች የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን በጥርጣሬ የሚያዩት ካለማወቅ ብቻ አይደለም። አንደኛው ምክንያት በእጅ ሙያ ላይ የቆየው ንቀት ነው። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ሸማኔውን በሙያቸው መስደብ የተለመደ ስለነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ቢቀንስም ስሜቱ ፈጽሞ አልጠፋም።

ሁለተኛው ምክንያት ከትምህርት ታሪካችን የመነጨ ነው። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት ለሰፊው ሕዝብ ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥና ትምህርቱም ከገጠር ኑሮ ጋር እንዲያያዝ ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ፣ ብዙ ወላጆችና መምህራን የድኻውን ልጅ ከእርሻ እንዳይወጣ በር የሚዘጋበት አድርገው ተረዱት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ባቆሙበት ወቅት ከተቃውሟቸው አንዱ ይኸው ነበር። ቆይቶም በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ የ10ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ ሲመደብ ስለኖረ፣ ሥልጠናው በወላጅ ዓይን የወደቀ ልጅ መሄጃ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ የወላጁ ሥጋት ጭብጥ ግልጽ ነው፤ ልጄ በዚህ በር ከገባ ሌላው በር ይዘጋበታል የሚል ነው። ለዚህ ሥጋት መልስ ሳይሰጡ «ሙያ ክቡር ነው» እያሉ መስበክ ብቻውን ፍሬ አያፈራም።

3. ወላጅ ሊያደርግ የሚችለው

ሀ/ አስቀድሞ መመልከት፦ የልጁ ዝንባሌ በፈተና ዋዜማ የሚፈለግ ነገር አይደለም። ከ8ኛ ክፍል በፊት ጀምሮ ምን ሥራ ሳይታዘዝ እንደሚሠራ፣ በየትኛው ትምህርት እንደሚበረታ፣ ምን እንደሚሰለቸው ማስተዋል ይገባል። በቤት ሬድዮ የሚፈታታው፣ ከብት ሲታመም የሚከታተለው፣ ለጎረቤት ሒሳብ የሚያሰላው ልጅ ስለ ራሱ እየተናገረ ነው። ወላጅ ባይማርም ይህን ለማየት ከማንም ይበልጥ ይቀርባል።

ለ/ ጠይቆ መረዳት፦ የጎጃም ሰው በአብነት ትምህርት ረገድ የቆየ ልምድ አለው። ቅኔ የሚሻ ተማሪ ወደ ቅኔ ቤት፣ አቋቋም የሚሻ ወደ አቋቋም ቤት የሚሄደው የመምህሩን ሙያ አጠያይቆ ነው። ስለ ዘመናዊ ሥልጠናም እንዲሁ መጠየቅ ተገቢ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች አሉ፤ በፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ይገኛል። ወላጅ ለገበያ ወደ ከተማ በመጣ ጊዜ ገብቶ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበጃል። አንደኛ፣ ልጄ ሲጨርስ በእጁ ምን መሥራት ይችላል? ሁለተኛ፣ ባለፉት ዓመታት የጨረሱት የት ገብተው ይሠራሉ? ሦስተኛ፣ ከዚህ በኋላ ወደ ከፍተኛ ደረጃ የሚያሸጋግር መንገድ አለ ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ከላይ የተመለከትነውን ሥጋት በቀጥታ የሚፈትን ስለሆነ ሊዘለል አይገባም።

ሐ/ ሥልጠናውን መመዘን፦ የአገሪቱ የሥልጠና ሥርዓት በደረጃ የተከፋፈለ ሲሆን፣ ሠልጣኙ የሙያ ብቃት ምዘና ወስዶ የምስክር ወረቀት ያገኛል። አብዛኛው የልምምድ ጊዜ በድርጅቶች ውስጥ በትብብር ሥልጠና እንዲያልፍም ታስቧል። ስለዚህ ልጁ በእውን መሣሪያ ላይ ይለማመድ ወይስ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ይማር እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል። በቡሬ የተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመርቀዋል። እንዲህ ያለው ሥራ የመካኒክ፣ የኤሌክትሪክ፣ የቤተ ሙከራና የመጋዘን ባለሙያ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ፋብሪካ መኖሩ ብቻውን ቅጥርን አያረጋግጥም፤ ሙያው ያለ ፋብሪካውም የሚያሠራ፣ ማለትም ለወፍጮ ቤት፣ ለውኃ ፓምፕና ለቤት ሥራ የሚያገለግል መሆኑ ይታሰብበት።

መ/ ለሴት ልጅ እኩል ማሰብ፦ ወላጅ ሴት ልጁን ከተማ ለብቻዋ ለማስቀመጥ መሥጋቱ የሚጠበቅ ነው። ሆኖም መፍትሔው ያለ ዕድሜዋ መዳር ሊሆን አይችልም። ከዘመድ ቤት ማስጠጋት፣ ከአንድ ቀበሌ የመጡ ልጃገረዶችን አብሮ ማከራየትና በየጊዜው መጎብኘት በብዙ ቤተሰብ የሚሠራበት መንገድ ነው። የሙያ ምርጫዋንም በልብስ ስፌትና በምግብ ዝግጅት መወሰን አይገባም።

ሠ/ ተመካክሮ መወሰን፦ ተጭኖ የተመረጠ ሙያ በመጀመሪያው ችግር ይጣላል። በአንጻሩ ልጁን «እንደ ወደድህ» ብሎ መተውም መምራት አይደለም። ወላጅ አቅሙን፣ ይኸውም ምን ያህል ዓመት ሊያስተምር እንደሚችልና ምን ያህል መሬት እንዳለው፣ ሳይደብቅ ለልጁ ሊነግረው ይገባል። «ሙያ በልብ ነው» እንደሚባለው ሁሉ፣ ልጁ በልቡ ያልተቀበለውን ሙያ እጁ አያጠናውም።

4. የትምህርት ቤት ድርሻ

«መምህር፣ ልጄ ምን ቢሆን ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ብዙ ነው። መልሱ «ይበርታ» ብቻ መሆን የለበትም። የወላጅ ስብሰባ ስለ መዋጮና ስለ አጥር ብቻ ከሚነጋገር፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ሙያ ምርጫ ቢመክር፣ ሠልጥነው ሥራ የያዙ የአካባቢው ወጣቶችም ቀርበው ትርፉንም ችግሩንም ቢያስረዱ ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው። ስብሰባው የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ከመመረጡ በፊት እንጂ ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ሊሆን አይገባውም።

ከላይ ከተገለጸው እንደምንረዳው፣ ፈተና ልጁ በአንድ ወቅት የደረሰበትን የዕውቀት መጠን ይለካል እንጂ ምን ሆኖ መኖር እንደሚችል አይወስንም። ይህን አስቀድሞ የተረዳ ወላጅ ልጁ ቢያልፍ ደስ ይለዋል፤ ባያልፍም በሁለተኛው ቀን ይዞት የሚሄድበት ቦታ ያውቃል።